በጉልበት የሚዋኝ ከጉልበቱ ይከፍላል

የዛሬው ጽሑፍ ከሰሞኑ ወሬ ራቅ ያለ ነው። ስለ ምንዛሬም፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍም፣ ስለ ማን ከማን ተጣላም አይደለም። ስለ ዋና ነው፤ ከዋናም ውስጥ ብሬስትስትሮክ ስለሚባለው የደረት ቀዘፋ። "ሰውየው ምን ነካው?" የሚል አይጠፋም። ግን ይህን ቻናል ከምታነቡት መካከል ማለዳ ወይም ከሥራ መልስ ገንዳ የምትገቡ እንዳላችሁ ከምትልኩልኝ መልእክት አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ለጤና ብቻ አትዋኙም። ሰዓት ትይዛላችሁ፣ ከጓደኛ ጋር ትፎካከራላችሁ፤ ውጭ አገር ያላችሁት ደግሞ ለአዋቂዎች በሚዘጋጅ ውድድር ላይ ተመዝግባችሁ ትወዳደራላችሁ። የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ "ነፃ ቀዘፋዬ እየተሻሻለ ነው፣ የደረት ቀዘፋዬ ግን ባለበት ቆሟል። በዚያ ላይ ጉልበቴን ያመኛል።"

የቆመባችሁም ያመማችሁም በአንድ ምክንያት ነው ባይ ነኝ፤ በጉልበት ስለምትዋኙ። አማርኛችን ለኃይሉም ለመገጣጠሚያውም አንድ ቃል መስጠቱ እዚህ ላይ እንዴት እንደሚገጥም ተመልከቱ። በደረት ቀዘፋ ጉልበት ባበዛችሁ ቁጥር የምትከፍሉት ከጉልበታችሁ ነው። አሰልጣኞቻችን ደግሞ፣ ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ፣ ለአዋቂ ሰው የሚያዙት መድኃኒት አንድ ነው፤ "ጨምር! ግፋ! ሃያ ዙር ድገም!" ይህ ምክር ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሊሠራ ይችላል። ለአርባ ዓመት ሰው ግን ጊዜውን፣ ገንዘቡንና መገጣጠሚያውን የሚበላ ምክር ነው። አዋቂ ሰው በዚህ የዋና ዓይነት የሚፈጥነው ውሃው የሚይዝበትን ነገር አንድ በአንድ ሲቀንስ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ያህል እፍጋት አለው። የውሃው መቋቋም ደግሞ ከፍጥነታችን ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ገደማ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ፍጥነታችሁን በ10 በመቶ ልጨምር ብትሉ የሚጠብቃችሁ መቋቋም በ21 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከሰውነታችሁ የሚጠየቀው አቅም ደግሞ በ33 በመቶ ገደማ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው ያንን 33 በመቶ ከየት ያመጣዋል? ሃያ ዙር ስለደገመ አያመጣውም። ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ ውሃው የሚገፋውን ስፋት ቢያጠብ ግን ያለ ምንም ተጨማሪ አቅም ይፈጥናል። ሒሳቡ በአዋቂው በኩል የሚቆመው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

የደረት ቀዘፋ ከአራቱ የዋና ዓይነቶች ሁሉ ዝግተኛው ነው። በ50 ሜትር ገንዳ የወንዶችን 100 ሜትር ክብረ ወሰኖች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በነፃ ቀዘፋ ቻይናዊው ፓን ዣንሌ በ2024 ፓሪስ ላይ 46.40 ሰከንድ። በቢራቢሮ አሜሪካዊው ኬሌብ ድረስል በ2021 ቶኪዮ ላይ 49.45። በጀርባ ጣሊያናዊው ቶማስ ቼኮን በ2022 ቡዳፔስት ላይ 51.60። በደረት እንግሊዛዊው አዳም ፒቲ በ2019 ጉዋንግጁ ላይ 56.88። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከዚህ በኋላም እንደዚያው።) ከነፃ ቀዘፋው ጋር ያለው ልዩነት ከአሥር ሰከንድ በላይ ነው። የደረት ቀዛፊዎች ደካሞች ስለሆኑ ነው? ፒቲን በፎቶ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ምክንያቱ እጅ ወደ ፊት የሚመለሰው ውሃውን እየገፋ መሆኑ ነው፤ ተረከዝ ወደ መቀመጫ ሲሳብም ጭን ውሃውን ፊት ለፊት ይመታዋል። በእያንዳንዱ ዙር ሰውነት ሊቆም ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ እንደገና ይነሳል። በየመብራቱ እየቆመ እንደሚሄድ ሚኒባስ ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ትልቅ ሞተር ብትገጥሙለት የምታተርፉት ጥቂት ነው፤ የሚያዋጣው የመቆሚያውን ጊዜ ማሳጠር ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ ጃፓናዊው ማሳሩ ፉሩካዋ የ200 ሜትሩን ወርቅ የወሰደው የርቀቱን አብዛኛውን ክፍል ከውሃው ወለል በታች በመዋኘት ነበር። ከላይ ሞገድ የለ፣ የሚነሳና የሚወድቅ ራስ የለ፤ ሰውነቱ እንደ ቀስት ተወርውሮ ይሄዳል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከዚያ በኋላ ደንቡን ቀይሮ ይህን አገደ። ዛሬ ከመነሻውና ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በኋላ አንድ ረጅም የውሃ ውስጥ ቀዘፋ፣ አንድ የዶልፊን ርግጫና አንድ የደረት ርግጫ ብቻ ይፈቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ራስ በየዙሩ ከውሃ በላይ መታየት አለበት። ሰው ቀጥ ብሎ ሲንሸራተት ምን ያህል እንደሚፈጥን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ በሕግ እስከ መከልከል ደርሷል።

አሁን ወደ ጉልበቱ ልምጣ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

በነፃ ቀዘፋ ሰውነትን ወደ ፊት የሚወስደው በዋናነት ክንድ ነው። በደረት ቀዘፋ ግን ለአብዛኛው ሰው ትልቁ ሥራ የእግር ነው። ርግጫው ሲጀምር ተረከዝ ወደ መቀመጫ ይጠጋል፣ እግር ወደ ውጭ ይታጠፋል፣ ከዚያ በውስጥ በኩል ያለው የእግርና የባት ክፍል ውሃውን ይዞ ወደ ኋላ ይገፋል። በዚያች ቅጽበት ታችኛው እግር ወደ ውጭ ይዞራል፤ የጉልበት የውስጥ ጅማት ደግሞ ይወጠራል። ይህ በሺህ ጊዜ ሲደጋገም የሚመጣው ሕመም በሕክምናው ዓለም የራሱ ስም አለው፤ የደረት ቀዛፊ ጉልበት ይሉታል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት የውስጥ ጎን ነው። ከገንዳ ወጥታችሁ ደረጃ ስትወርዱ እዚያ ቦታ ላይ የሚወጋችሁ ከሆነ የማወራውን ታውቁታላችሁ።

ርግጫው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ድሮ እግርን በሰፊው ከፍቶ፣ እንደ መቀስ ገጥሞ ውሃውን መጭመቅ ነበር የሚታመንበት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ጄምስ ካውንስልማን ከዋናተኛው ቼት ጃስትረምስኪ ጋር ሆነው ርግጫውን አጠበቡት፤ እንደ ጅራፍ የሚመታ ፈጣን ርግጫ አደረጉት። ጃስትረምስኪ በ1961 የ100 ሜትርን ክብረ ወሰን ደጋግሞ ሰበረበት። ከዚያ ወዲህ ዓለም የሚዋኘው በዚያ መንገድ ነው። ካውንስልማን ራሱ፣ ለዛሬው ርእሳችን ይጠቅማልና ልንገራችሁ፣ በ1979 በ58 ዓመቱ የእንግሊዝን ቦይ ዋኝቶ ተሻገረ፤ በጊዜው ከተሻገሩት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ነበር።

ችግሩ ያለው "ጠባብ ርግጫ" የሚለው ትምህርት እኛ ገንዳ ሲደርስ "ጉልበትህን ግጠም!" የሚል ጩኸት መሆኑ ላይ ነው። ጉልበት ሲገጥም እግር ወደ ውጭ እንዲከፈት ዳሌ ወደ ውስጥ መዞር አለበት። የልጅ ዳሌ ይዞራል። ሃያ ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዳሌ ግን አይዞርም፤ ያን ጊዜ ዳሌ እንቢ ያለውን ጉልበት ተጠምዝዞ ይከፍላል። አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ የሚያየው "ያልገጠመ ጉልበት" ነው። ውስጥ ያለውን ጅማት አያየውም።

ዛሬ ማታ አልጋችሁ ላይ ይህን ሞክሩ። በሆዳችሁ ተኙ፣ ጉልበቶቻችሁን ግጠሙ፣ ከጉልበት በታች ያለውን እግራችሁን ወደ ላይ አቁሙ። ከዚያ ሁለቱም እግሮች ወደ ውጭ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ በራሳቸው ክብደት ይውደቁ። በደንብ ከወደቁ ዳሌያችሁ ለጠባብ ርግጫ ፈቃደኛ ነው። ትንሽ ወርደው ከቆሙ ግን ማንም ምንም ቢጮህ ጉልበታችሁን ከዳሌያችሁ ስፋት ትንሽ አልፎ እንዲከፈት ፍቀዱለት። ፍጥነት ታጣላችሁ? ጥቂት። ግን ከዓመት በኋላም እየዋኛችሁ ትገኛላችሁ።

ሁለተኛው ፈተና ቁጢጥ ነው። ተረከዝን ሳያነሱ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ። ገጠር ያደገ ሰው ይህን እንደ ፈተና ቢያቀርቡለት ይስቃል፤ ሽሮ የሚሠራው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ የሚያወራውም እንዲያ ሆኖ ነበርና። ከተማው ግን ወሰደብን። ቁርጭምጭሚታችሁ ወደ ሽንጣችሁ ካልታጠፈ እግራችሁ ውሃውን የሚይዝበት መዳፍ የለውም፤ ርግጫው ውሃውን ቆርጦ ያልፋል፣ እናንተ ደግሞ "ኃይል አነሰኝ" ትላላችሁ። በቀን አምስት ደቂቃ ቁጢጥ ማለት ለደረት ቀዘፋችሁ ከአሥር ተጨማሪ ዙር ይሻላል። ነፃም ነው።

ጉልበቱ አንዴ ካመመ በኋላ ደግሞ "እስኪሞቅ ነው፣ ይለቃል" የሚባለውን አትስሙ። የሕመም ማስታገሻ ውጦ ገንዳ መግባት ጅማቱ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ማፈን ነው። ርግጫውን አቁሙ፤ እጁን በደረት ቀዘፋ፣ እግሩን በትንሽ የነፃ ቀዘፋ ርግጫ አድርጋችሁ ዋኙ። ካልተሻለ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይየው። ጤነኛ በሆናችሁበት ቀንም ቢሆን ሰውነት ሳይሞቅ በሙሉ ኃይል አትርገጡ።

ከርግጫው ቀጥሎ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። እጅና እግር መቼ መቼ ይሠራሉ? በየገንዳው የማየው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ነው፤ እጅ ውሃውን ሲከፍት እግርም አብሮ ይራገጣል። ይህ አንድ እግር ነዳጅ ላይ፣ አንድ እግር ፍሬን ላይ አድርጎ መንዳት ነው። እግር ሲገፋ እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ራስ በክንዶች መካከል ገብቶ፣ ሰውነት ቀጥ ብሎ መጠበቅ አለበት፤ ግፊቱ የሚሄድበት ቀጭን መንገድ ሊያገኝ ይገባል። እጅ ሲቀዝፍ እግር ዝም ይበል። ለመልመድ የሚበጀው ሁለት ርግጫ በአንድ ቀዘፋ መዋኘት ነው፤ አንዴ ቀዝፋችሁ፣ ተዘርግታችሁ ሁለቴ ትረግጣላችሁ። አሰልቺ ነው። ግን ይሠራል።

እጅን በተመለከተ ብዙ አልልም። ደንቡ ከመነሻና ከመታጠፊያ በኋላ ካለው የመጀመሪያ ቀዘፋ በስተቀር እጅ ከዳሌ መስመር ወደ ኋላ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ግን ከትከሻው መስመርም ባያሳልፍ ይሻለዋል። ክርን ወደ ጎድን ከተሳበ እጅ ወደ ፊት ለመመለስ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ትቀዘቅዛላችሁ።

ራስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሆቴል ገንዳዎቻችን የተለመደው የደረት ቀዘፋ ራስን ቀና አድርጎ፣ እያወሩ የሚዋኙት ነው። ፀጉሯን አዲስ የተሠራች ሴት ራሷን ባታስነክር እረዳታለሁ፤ የሹሩባውን ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ግን ለዚህ ምክንያት የለውም። ራስ ሲነሳ ዳሌ ይወርዳል፤ ሰውነት በውሃ ላይ እንደ ሚዛን ነው። ዳሌ ከወረደ ጭን እንደ ግድግዳ ውሃውን ይመታል። መተንፈስ ያለባችሁ አንገት ሰብራችሁ አይደለም፤ እጆቻችሁ ወደ ውስጥ ሲሰበሰቡ ደረታችሁን ያነሱታል፣ አፋችሁም አብሮ ይወጣል። ዓይን ወደ ፊት ግድግዳ ሳይሆን ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ፊት ይይ። አንገቱን የሚያመው የደረት ቀዛፊ ካያችሁ ግድግዳውን ሲያይ የኖረ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዩቲዩብ አንድ ነገር ልበል። አዋቂ ዋናተኞቻችን የሚያጠኑት የአዳም ፒቲን ቪዲዮ ነው። ይገባኛል፤ በልጅነቱ ውሃ ይፈራ የነበረ ሰው የዓለም አንደኛ ሲሆን ማየት ልብ ይሞላል። ግን ፒቲ የጉልበቱና የቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያ ከተለመደው በላይ የሚታጠፍ ሰው ነው፤ ቀዘፋውም ለአንድ ደቂቃ ላልሞላ ውድድር የተሠራ፣ እጅግ ፈጣንና የማያርፍ ነው። የእሱን ምት ለመቅዳት የሚሞክር የአርባ ዓመት ሰው የሚቀዳው ድካሙን ብቻ ነው። እኔ ብሆን የማየው ጃፓናዊውን ኮሱኬ ኪታጂማን ነው። በ2004 አቴንስና በ2008 ቤጂንግ የ100ውንም የ200ውንም ሜትር ወርቅ የወሰደ ሰው ነው። እያንዳንዱ ርግጫ ካለቀ በኋላ ሰውነቱ እንዴት ተዘርግቶ እንደሚንሸራተት አስተውሉ። ይህ በአዋቂ አቅም የሚቀዳ ነገር ነው።

መንሸራተቱም ልክ አለው። ቆሞ እስኪቀር የሚንሸራተት ሰው እንደገና ለመነሳት ብዙ ያወጣል። ልኩን የሚነግራችሁ ቁጥር ነው። 25 ሜትር ስትዋኙ ስንቴ እንደቀዘፋችሁ ቁጠሩ፣ የፈጀባችሁን ሰከንድ ደምሩበት። 14 ቀዘፋ በ28 ሰከንድ ብትዋኙ ድምሩ 42 ነው። ድምሩ ሲቀንስ እየተሻላችሁ ነው። ቀዘፋ ቀንሶ ሰከንድ በእጥፍ ከጨመረ ከልክ በላይ ተንሸራታችኋል። ሰከንድ ቀንሶ ቀዘፋ እጅግ ከበዛ ወደ ድሮው ጉልበት ተመልሳችኋል። ለ50 ሜትር አጠር፣ ለ200 ሜትር ረዘም ያለ መንሸራተት ያስፈልጋል፤ የራሳችሁን ቦታ ድምሩ ያሳያችኋል።

በ25 ሜትር ገንዳ 100 ሜትር የሚዋኝ ሰው አራት ጊዜ ረጅሙን የውሃ ውስጥ ቀዘፋ ያገኛል፤ አንዴ ከመነሻው፣ ሦስቴ ከመታጠፊያው። በሙሉው ውድድር ፈጣን የምትሆኑት ግድግዳውን ገፍታችሁ በወጣችሁበት በዚያ ጊዜ ነው። አዋቂው ግን ትንፋሽ ስለሚያጥረው ወዲያው ወደ ላይ ይወጣል፤ በነፃ የተሰጠውን ሜትር ይጥለዋል። የአዲስ አበባ ሰው እዚህ ላይ እውነተኛ ምክንያት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ሩብ በሚጠጋ ያንሳል። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ዘመዳችሁ የሚዋኘውን የውሃ ውስጥ ርዝመት እዚህ በግድ አትሞክሩ። አሳጥሩት እንጂ አትተዉት፤ ቀጥ ብላችሁ ተገፉ፣ ቀዘፋውን ፈጥናችሁ ጨርሱ፣ ውጡ። ትንፋሽ ይዞ የመቆየት ውድድር ግን በፍጹም አይሁን። በተለይ ደጋግሞ በኃይል ተንፍሶ መጥለቅ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ራስን ያስታል፤ ጥሩ ዋናተኞች በጥልቀት ሳይሆን በደረት ልክ ውሃ ውስጥ የሞቱት በዚህ ነው።

ለውድድር የምትዘጋጁ ደግሞ ሁለት ነገሮች ከሰዓታችሁ በፊት ያስጥሏችኋል። አንዱ በመታጠፊያና በመጨረሻ በሁለት እጅ እኩል አለመንካት ነው። ሌላው የመቀስ ርግጫ ነው፤ አንዱ እግር ወደ ውጭ ታጥፎ ሌላው ሳይታጠፍ የሚመታበት። ወንዝ ወይም ሐይቅ ላይ በራሱ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ይህ አለው፣ ራሱ ግን አይሰማውም። ከኋላ ሆኖ በስልክ የሚቀርጽ ጓደኛ ያስፈልጋችኋል። ገንዳው መቅረጽ የሚከለክል ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ሌላ ሰው እንዳይገባበት ጠዋት ሰው ሳይበዛ ቢሆን ይመረጣል።

"ይህን ሁሉ ለመማር አልረፈደም ወይ?" ይህ ጥያቄ ከጉልበት ሕመሙ በላይ ሰውን ከገንዳ ያስወጣል። በፓሪስ ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ደረት ቀዘፋ ፍጻሜ ላይ ጣሊያናዊው ኒኮሎ ማርቲነንጊ በ59.03 ወርቅ ሲወስድ ፒቲና አሜሪካዊው ኒክ ፊንክ እኩል 59.05 ገብተው ብር ተጋሩ። ፊንክ 31 ዓመቱ ነበር፤ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያው ነው። መሐንዲስ ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነው የሠለጠነው። ከዚያም በላይ ልሂድ። ጃፓናዊቷ ሚዬኮ ናጋኦካ ዋና የጀመሩት በ80ዎቹ ዕድሜያቸው፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ለሕክምና ብለው ነበር። በ2015 በ100 ዓመታቸው 1,500 ሜትርን በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ54.39 ሰከንድ ዋኝተው ጨረሱ። የዋኙት በጀርባ ቀዘፋ ነው፤ ለታመመ ጉልበት የሚስማማውን መርጠው መሆኑን ልብ በሉ።

የዓለም የአዋቂዎች ሻምፒዮና ከ25 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ ውድድሩም በየአምስት ዓመት ዕድሜ ተከፍሎ ነው። አሜሪካ ያላችሁት ከ18 ዓመት ጀምሮ የምትመዘገቡበት የአዋቂዎች ዋና ማኅበር አላችሁ። የ45 ዓመት ሰው ከ45 ዓመት ሰው ጋር ይወዳደራል እንጂ ከልጁ ጋር አይደለም።

በእኛ አገር ዋና ሲነሳ የሚታወሰው አሁንም የ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ ነው። የአገራችን ዋናተኛ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ዋኝቶ መጨረሻ ሲወጣ ዓለም በሰውነቱ ሳቀ፤ እኛም ስቀን፣ ተናደን፣ ማን ላከው ብለን ተከራክረን አለፍን። መከራከሩ ተገቢ ነበር። ግን ከዚያ ክርክር ውስጥ "ሰው በስንት ዓመቱ፣ የት፣ በማን ይማራል?" የሚለው ጥያቄ ወጥቶ አልታየም። ሯጭ ለማፍራት ገጠር መንገድ ይበቃል። ዋናተኛ ግን ገንዳ ይፈልጋል፤ በአብዛኞቹ ከተሞቻችን ያለው ገንዳ ደግሞ የሆቴል ነው፣ በሰዓት የሚከፈልበት።

ለዚህም ነው "ሃያ ዙር ድገም" የሚለው ምክር የሚያናድደኝ። ሰው ከደመወዙ ቆርጦ ለአንድ ሰዓት ከፍሎ ገብቷል፤ ያንን ሰዓት የተሳሳተ ርግጫ ሲደግም ካሳለፈው ስሕተቱን በገንዘቡ እያጠነከረ ነው። ገንዳ የምታስተዳድሩ ሰዎች ካነበባችሁ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት አንድ ሌን ለአዋቂዎች ቴክኒክ ብቻ ክፈቱ። ዙር የማይቆጠርበት፣ አሰልጣኙ ውሃ ውስጥ ገብቶ እግር የሚይዝበት ይሁን። ፌዴሬሽኑም በልጆች ውድድር መካከል ለአዋቂዎች አንድ 50 ሜትር ቢያስገባ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ሰዓት መያዣውም ዳኛውም እዚያው ናቸው። አሰልጣኞች ደግሞ ለአዋቂ ሰው ከዙር በፊት ዳሌውን ፈትሹ።

እስከዚያው በሳምንት ሁለት ቀን የምትገቡ ሰዎች ለስምንት ሳምንት እንዲህ ብታደርጉ እወዳለሁ። ከሞቃችሁ በኋላ ጥቂት ሁለት ርግጫ በአንድ ቀዘፋ፣ ጥቂት በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበት ከውሃ ሳይወጣ ርግጫ ብቻ። ከዚያ ስምንት ጊዜ 25 ሜትር፣ በየመካከሉ ትንፋሽ እስኪመለስ ዕረፍት፤ ሁሉንም ቆጥራችሁ፣ ደምራችሁ። ቅርጹ ሲበላሽ የዚያ ቀን የደረት ቀዘፋ አብቅቷል፤ የተረፈውን ሰዓት በጀርባ ወይም በነፃ ዋኙ። የመጀመሪያውንና የስምንተኛውን ሳምንት ድምር፣ ከዕድሜያችሁና ከገንዳው ርዝመት ጋር በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ጉልበታችሁን አሟችሁ ከሆነም በየትኛው ጎን እንደሆነ ጻፉልኝ። ስም አላወጣም።